የሞተው ሳይመዘገብ ስንት ሰው እንደሞተ በምን ይታወቃል?

በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሞቱ አሳየ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አራተኛው ጥናት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 67 መውረዱን ነገረን። ሀዋሳ ውስጥ እነዚህን ቁጥሮች የጤና ባለሙያ በስብሰባ ይጠቅሳቸዋል፣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይከፍትባቸዋል፣ ሬዲዮም ያነባቸዋል። ታዲያ አንድ ጠያቂ አይጠፋም፦ "እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መጥቶ የመዘገበ የለም። ይህን ማን ቆጠረው?"

ጥያቄው ልክ ነው። ሞቶቹን አንድ በአንድ የቆጠረ የለም። ቁጥሩ የተገኘው በሕይወት ያሉ እናቶች ተጠይቀው፣ መልሳቸው በስሌት ተቀምሮ ነው። ሞት በማይመዘገብበት አገር ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ምክንያት እንደሞተ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ለዚህ አንድ ጥያቄ የሰጡ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች አሉ። ዘዴያቸውን ያወቀ አንባቢ አንድን ቁጥር መቼ ማመን፣ መቼ መጠርጠር እንዳለበት ይለያል። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሆስፒታልን ነው። "የሀዋሳ ሆስፒታሎች የሞቱባቸውን ሰዎች ደምረው ለምን አይነግሩንም?" ይላል። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ፣ ወይም ደርሶ "ወደ ቤት ውሰዱኝ" ብሎ ተመልሶ። ሆስፒታል የሚሞተውም ቢሆን የሀዋሳ ሰው ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከምዕራብ አርሲ፣ ከጌዴኦና ከሌሎችም አካባቢዎች በሪፈር የሚላኩ፣ በሽታ የጠናባቸውን ሕሙማን ይቀበላል። ከሲዳማዋ በንሳ ወረዳ በአምቡላንስ መጥታ እዚህ ያረፈችን ወላድ ለሀዋሳ ከቆጠርናት፣ ሀዋሳ ወላድ የሚያልቅባት ከተማ ትመስላለች፤ በንሳ ደግሞ ምንም ችግር የሌለባት። የሞት መጠን ክፍልፋይ ነው። ከላይ የሞቱት ይቀመጣሉ፣ ከታች ደግሞ የሞቱትም የተረፉትም፣ ሕዝቡ በሙሉ። ሆስፒታል የላይኛውን በከፊል ያውቃል፤ የታችኛውን ጨርሶ አያውቅም።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ብልሃት ካገኙት ሰዎች ቀዳሚው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ብራስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናይሮቢ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሲሠራ የገጠመው የእኛው ዓይነት ችግር ነበር፤ መዝገብ የለም፣ ሰዉም የልደት ቀኑን በትክክል አያውቅም። ብራስ ለእናቶች ሁለት ጥያቄ ብቻ ማቅረብ ይበቃል አለ። ስንት ልጅ ወለድሽ? ከነሱ ስንቱ በሕይወት አሉ? ዕድሜዋ ከ20 እስከ 24 የሆነ ሴት ልጆቿን የወለደችው በቅርቡ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ካሉ እናቶች ልጆች መካከል የሞቱት ድርሻ፣ አንድ ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላው የመሞት ዕድሉን ይጠጋል። ከ25 እስከ 29 ያሉት እናቶች መልስ እስከ ሦስት ዓመት ያለውን ዕድል ይነግረናል፣ ከ30 እስከ 34 ያሉት ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ያለውን። ሴቶች ቀድመው በሚወልዱበትና ዘግይተው በሚወልዱበት አገር ልዩነት ስለሚኖር፣ ለዚያ የሚሆን የማስተካከያ ሠንጠረዥ ሠራ። ኋላ ላይ ለንደን በሚገኘው የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ይህን መንገድ ለብዙ አገሮች ባለሙያዎች አስተማረ። ከእናቶች አንደበት የሞት መጠን ማውጣት ዛሬም በስሙ "የብራስ ዘዴ" ይባላል።

የእኛ አገር የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከዚህም አልፎ ይሄዳል። እያንዳንዷ ተጠያቂ የወለደቻቸውን ልጆች በሙሉ በየተራ ትናገራለች፤ የተወለዱበትን ወርና ዓመት፣ በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን፣ የሞተ ካለ በስንት ቀኑ፣ በስንት ወሩ ወይም በስንት ዓመቱ እንደሞተ። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ ነው።

መረጃ ሰብሳቢዋ ታብሌቷን ይዛ አንድ ግቢ ገብታ፣ በርጩማ ተሰጥቷት፣ ከአርባ ዓመት ብዙም ከማይርቁ እናት ፊት ተቀምጣለች እንበል። "ከእርስዎ ጋር የሚኖሩ ወንዶች ልጆች ስንት ናቸው?" ትላለች። ቀጥላ ሴቶቹን፣ ቀጥላ ሌላ ቦታ የሚኖሩትን ትጠይቃለች። እንዲህ ተከፋፍሎ የሚጠየቀው በምክንያት ነው፤ በደፈናው "ስንት ልጅ አለዎት?" ከተባለ አያቷ ጋር ያደገችው፣ ወይም ዐረብ አገር የሄደችው ትረሳለች። ከዚያ ከባዱ ይመጣል፦ "በሕይወት ተወልዶ በኋላ የሞተብዎ ልጅ አለ?"

"የለም፣ ተመስገን።"

ልጅቷ አታልፈውም፤ መጠይቁ ሌላ ጥያቄ አስቀምጦላታል። "ተወልዶ ያለቀሰ ወይም የተነፈሰ፣ ግን ያልቆየ ሕፃንስ?"

እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ ማስተካከል ይጀምራሉ። "እሱማ… ሦስት ቀን ነው የቆየው። ስምም አልወጣለት። እሱም ይቆጠራል እንዴ?"

ይቆጠራል። የአገሪቱ ቁጥር ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ጠያቂዋ ቸኩላ ብታልፍ፣ ወይም ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ገብቶ እናትየው ቢያፍሩ፣ ያ ሕፃን ከቁጥሩ ይጠፋል፤ የጨቅላ ሕፃናት ሞትም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ሞት ቀነሰ ተብሎ የሚነገረው ሁሉ በእርግጥ መቀነሱን ለማወቅ ተመራማሪዎች መረጃውን የሚፈትሹበት መንገድ አላቸው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት፣ በመጀመሪያው ወር ከሞቱት ጋር ሲነጻጸሩ ከተለመደው ድርሻ በጣም ካነሱ፣ ሳይነገር የቀረ አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ፍሬ አለው። በ1992ቱ ጥናት ከ166ቱ ሞቶች 49ኙ የደረሱት በመጀመሪያው የሕይወት ወር ነበር። በ2008ቱ ደግሞ ከ67ቱ 29ኙ። ልብ በሉ፤ አጠቃላይ ሞቱ ከግማሽ በላይ ሲቀንስ የመጀመሪያው ወር ሞት ግን ያን ያህል አልቀነሰም፤ ድርሻው ከሲሶ በታች የነበረው ከአርባ በመቶ በላይ ሆኗል። ክትባት፣ የአልጋ አጎበር፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የደረሱላቸው በአብዛኛው ከወር በላይ የሆኑትን ነው። ገና የተወለደው ሕፃን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ሠልጥኖ የሚያዋልድ እጅ፣ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ጊዜውን ሳይጠብቅ ለመጣው ልዩ ክትትል። ይህን ያወቅነው የሦስት ቀኑን ሕፃን ሳይዘሉ ከመዘገቡት ጠያቂዎች ነው። ለእኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ክብር የሚገባው ሥራ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የአረዳድ ስሕተት ላንሳ። "አማካይ የዕድሜ ጣሪያ 49 ነው" ሲባል ሰው በ49 ዓመቱ የሚሞት ይመስለናል። አሥር ሕፃናት ተወለዱ እንበል። ሦስቱ ገና እንደተወለዱ ሞቱ፣ ሰባቱ 70 ዓመት ኖረው ሞቱ። የሁሉም ዕድሜ ተደምሮ 490፣ ለአሥር ሲካፈል 49። ግን በ49 ዓመቱ የሞተ አንድም ሰው የለም። አሁን ከሦስቱ ሕፃናት ሁለቱ ተርፈው እንደ ሌሎቹ 70 ቢደርሱ አማካዩ ወደ 63 ይዘላል፤ ለአንድም ሽማግሌ አንዲት ቀን ሳይጨመርለት። የኢትዮጵያ አማካይ የመኖር ተስፋ ዛሬ ከ65 ዓመት ማለፉ በዋናነት የሕፃናት ሞት የመቀነሱ ውጤት ነው። "ድሮ ሰው ረጅም ዕድሜ ነበር የሚኖረው፣ አያቴ እኮ ዘጠና ገብተው ነው የሞቱት" የሚል ክርክርም በዚህ ይፈታል፤ አያትየው ዘጠና መግባታቸው ልክ ነው፣ አብረዋቸው ተወልደው በሕፃንነታቸው የቀሩትን ግን ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

የአዋቂ ሞት ከዚህ ይከብዳል። የሕፃንን ሞት እናት ትናገራለች፤ የሠላሳ ዓመት ሰው ሲሞት ግን ቤቱ ራሱ ሊበተን ይችላል። ሚስቱ ወደ ቤተሰቦቿ ትመለሳለች፣ ልጆቹን ዘመድ ይከፋፈላቸዋል፣ በቀጣዩ ዓመት መረጃ ሰብሳቢ ስትመጣ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ብራስ ለዚህም "እናትህ በሕይወት አለች? አባትህስ?" የሚል ዘዴ ነበረው። ዛሬ ይበልጥ የሚሠራበት የእህትና የወንድም ጥያቄ ነው። ተጠያቂዋ ከአንድ እናት የተወለዱትን ሁሉ ትቆጥራለች፤ የሞተች እህት ካለች ስትሞት እርጉዝ ነበረች ወይ፣ በምጥ ነው ወይ፣ ወይስ ከወለደች በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ተብሎ ይጠየቃል። የእናቶች ሞት ቁጥር የሚወጣው ከዚህ ነው።

ቁጥሩ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ1997 ዓ.ም. 673፣ በ2003 ዓ.ም. 676፣ በ2008 ዓ.ም. 412 ነበር። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ልዩነት አይቶ "የእናቶች ሞት ጨመረ" የሚል ሰው ተሳስቷል። ወላድ መሞቷ መራር ነገር ይሁን እንጂ በቁጥር ሲታይ ከስንት አንዴ የሚደርስ ነው፤ ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ተጠይቀው እንኳ የሚገኙት ሞቶች ጥቂት ናቸው፣ ጥቂት ሞት ደግሞ ሰፊ ጥርጣሬ ይተዋል። የ2008ቱ 412 አብሮት የተጻፈለት ወሰን አለ፤ ከ273 እስከ 551። ጋዜጣ የሚያትመው መሐለኛውን ብቻ ነው፤ ወሰኑን ሳያዩ ቁጥሩን መጥቀስ ግማሹን ብቻ መናገር ነው። በተጨማሪም ጥናቱ የሚናገረው ከመጠይቁ በፊት ስለነበሩት ሰባት ዓመታት በአማካይ ነው። ስለዚህ "ባለፈው ዓመት ሀዋሳ ውስጥ የእናቶች ሞት ስንት ነበር?" ለሚለው ጥያቄ ይህ ዘዴ ምንም መልስ የለውም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልሰው የተሟላ የሞት ምዝገባ ብቻ ነው።

ጥሩ መዝገብ ያለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በአግባቡ የጠየቁ ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ያደረጉት ነገር፣ ለእኔ በአፍሪካ የሞት ጥናት ውስጥ ከተሠሩት ብልሃቶች አንዱና ትልቁ ነው። ዘመኑ ኤችአይቪ ወጣቱን የሚያረግፍበት ነበር። ሞቱን የሚያሳይ የመንግሥት መዝገብ የለም፤ ነገር ግን ማንም ሳይቀበር አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የቀብር ቦታዎች ሁሉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በሙስሊም መቃብሮች፣ በማዘጋጃ ቤቱም፣ የሚቀበረው ሰው ጾታ፣ ዕድሜ፣ አድራሻና ቤተሰቡ የሚናገረው የሞት ምክንያት መመዝገብ ጀመረ። መረጃውን ከተነተኑት መካከል ጆርጅ ሬኒየርስ የተባለው የሥነ ሕዝብ ተመራማሪና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ነበሩ።

ችግሩ የሞቱ ምክንያት ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ልጁን የሚቀብር አባት "ኤድስ ነው" ብሎ አያስመዘግብም። "ሳንባ ነው"፣ "ብርድ መትቶት"፣ "አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት" ይላል። ለቀስተኛው ይገባዋል፤ ቃሉን ግን ማንም አይጠራውም። ተመራማሪዎቹ ታዲያ እነዚህን ቃላት ውሸት ናቸው ብለው አልጣሏቸውም፤ ምን ያህል እውነት እንደሚነግሩ ለኩ እንጂ። የተወሰኑ ሟቾችን ቤተሰቦች ቤታቸው ሄደው ስለ ሕመሙ በዝርዝር ጠየቁ፤ ስንት ወር ታመመ፣ ከሳ ወይ፣ ተቅማጥ ነበረው ወይ፣ አፉ ቆስሎ ነበር ወይ። ሐኪሞች ይህን አንብበው ትክክለኛውን ምክንያት ወሰኑ። አሁን ማነጻጸር ይቻላል። ለምሳሌ መቃብር ላይ "ሳንባ" ተብለው ከተመዘገቡ 100 ሰዎች 70ው በዝርዝሩ ኤድስ ሆነው ከተገኙ፣ "ሳንባ" የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ታወቀ ማለት ነው። በሌላ በኩል ከኤድስ ሟቾች ስንቱ በማይጠረጠር ስም እንደተመዘገበም ይታወቃል። በነዚህ ሁለት ልኬቶች የየዓመቱን የመቃብር መዝገብ አርሞ ማንበብ ተቻለ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አዲስ አበባ ውስጥ በክፍያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2003፣ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነበር። ከ2001 እስከ 2005 በኤድስ የሚሞቱ ወንዶች በ22 በመቶ ገደማ ሲቀንሱ ሴቶች የቀነሱት በ9 በመቶ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ነጻ ከሆነ በኋላ፣ ከ2005 እስከ 2007፣ ወንዶቹ በ38፣ ሴቶቹ በ43 በመቶ ቀነሱ። መድኃኒቱ በገንዘብ ሲሸጥ የቤተሰቡ ብር ቀድሞ የወጣው ለወንዱ ይመስላል፤ ነጻ ሲሆን ሴቲቱም ተረፈች። በ2007 የነበረው የኤድስ ሞት መድኃኒቱ ባይኖር ኖሮ ሊሆን ይችል ከነበረው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁሉ ያወቅነው ሰው የሚቀበርበትን ቀን በእስክሪብቶ ከጻፉ የመቃብር መዝጋቢዎች ነው።

ያው ዘዴ ሀዋሳ ላይ ይሠራል? በከፊል። የእኛ ከተማ ነዋሪ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከየገጠሩ ሲዳማ የመጣ ነው፤ ሲሞት አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚሸኝ ብዙ ነው። እዚህ ኖሮ እዚያ የሚቀበረውን የሀዋሳ መቃብር አያውቀውም። አዲስ አበባም ይህ ችግር ነበረ፤ ተመራማሪዎቹ ውጤታቸውን በአንድ ቁጥር ሳይሆን ምዝገባው በተሟላበት መጠን በሚለዋወጥ ወሰን ያቀረቡትም ለዚህ ነው።

ቤተሰብን ስለ ሕመሙ በዝርዝር እየጠየቁ የሞትን ምክንያት ማወቅ በእንዲህ ያለ ጥናት ብቻ አልቀረም። ቡታጅራ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተወሰኑ ቀበሌዎችን ቤት ለቤት እየተከታተለ ልደትን፣ ሞትን፣ ፍልሰትን መዝግቧል። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ እንግሊዛዊው ፒተር ባያስ የቤተሰቡን መልስ ወስዶ የሞቱን ምክንያት በኮምፒውተር የሚገምት ስልት ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሁለት ሐኪሞች አንድን ታሪክ አንብበው ላይስማሙ ይችላሉ፣ ስልቱ ግን የትም አገር አንድን መልስ በአንድ መንገድ ያነባል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲም በዳሌና በወንሾ ወረዳዎች የዚህ ዓይነት የክትትል ጣቢያ አለው።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር። ከአገራችን ቆጠራ የዕድሜ ሰንጠረዥ ቢያወጡ 30፣ 40፣ 50 ላይ ሰው ተከምሮ፣ 31 እና 41 ላይ ጭር ብሎ ያገኙታል። ሰዉ ዕድሜውን አጠጋግቶ ስለሚናገር ነው። ጥሩ ጠያቂ ስለዚህ በክስተት ይጠይቃል፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ተወልደው ነበር? ደርግ ሲወድቅ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር? የመጀመሪያ ልጅዎ ከሚሌኒየሙ በፊት ነው በኋላ?

ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ ስልክ መጥቷል። ቤት ለቤት መሄድ አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ፣ አሁን በብራስ የቀድሞ ትምህርት ቤት የሚሠራው ሬኒየርስ ከባልደረቦቹ ጋር በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በሌሎች አገሮች ሞትን በስልክ ቃለ መጠይቅ የመለካት ጥናት መርቷል። ርካሽና ፈጣን ነው። ግን የሚያነሳው ስልክ ያለው ነው፤ ሀዋሳ ከተማ ውስጥ ያለች ነጋዴ ትገኛለች፣ ራቅ ያለ ቀበሌ ያለች፣ ስልኩ በባሏ ኪስ የሆነ እናት አትገኝም። ይህን ጉድለት፣ በጥናቱ ጥቂት ሆነው ለተገኙት ዓይነት ሰዎች መልስ የበለጠ ክብደት በመስጠት ለማስተካከል ይሞከራል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደፈንም።

ለመሆኑ ሕጉስ ምን ይላል? በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት መመዝገብ ግዴታ ሆኗል፤ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት። በተግባር ግን ቤተሰብ ወደ ቀበሌ የሚሄደው ወረቀቱ ሲያስፈልገው ነው፤ ቤት ለመውረስ፣ የባንክ ሒሳብ ለማስለቀቅ፣ ጡረታ ለማስተላለፍ። ከዚህ አንጻር ሲታይ እድሮቻችን ከቀበሌ የተሻለ የሞት መዝገብ አላቸው፤ ለለቅሶ የወጣ ገንዘብ ሳይጻፍ አይቀርምና።

ሁለት ጎደሎ መዝገቦችን አስተያይቶ የጠፋውን መገመት የሚያስችል ዘዴ ደግሞ አለ፤ ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቻንድራ ሴካርና በዴሚንግ የተሠራ ነው። የአንድ ክፍለ ከተማ እድሮች በዓመት 200 ሞት መዘገቡ፣ ቀበሌዎቹ 80፣ በሁለቱም ላይ ስማቸው የተገኘው 40 ናቸው እንበል። ቀበሌው እድሮቹ ካወቋቸው 200 ሞቶች የያዘው 40፣ ማለትም አንድ አምስተኛውን ነው። እንግዲያው የቀበሌው 80 የጠቅላላው አንድ አምስተኛ ነው ካልን ጠቅላላው 400 ይሆናል፤ 160ውን ማንም አልመዘገበውም። ሀዋሳ ላይ ይህን መሞከር በጣም ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ወጪው የጥቂት ሰዎች ድካምና የእድር ሊቀመንበሮች ፈቃድ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ግን አለው። ስሌቱ የሚሠራው አንዱ መዝገብ ላይ መግባት ሌላው ላይ ከመግባት ጋር ዝምድና ከሌለው ነው። የራሱ ቤት ያለው ሰው እድርተኛም ነው፣ ወራሾቹም የቀበሌ ወረቀት ይፈልጋሉ። ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የሦስት ቀኑ ሕፃን ከሁለቱም ይቀራሉ። ስለዚህ የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ነው፤ እንደ ዝቅተኛ ወሰን መነበብ አለበት።

የክፍልፋዩ የላይኛው ቁጥር፣ የሞቱት፣ ቢሟላ እንኳ የታችኛው፣ ሕዝቡ፣ ይቀራል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ነዋሪ ከ258 ሺህ በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ወደ ቱላም ወደ ሌላውም አቅጣጫ ሰፍታለች፣ ሲዳማ ክልል ሆኗል፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከየገጠሩ አምጥቷል። ይህ የመጨረሻው ነገር ስሌቱን ከሚገመተው በላይ ያዛባዋል። የሃያ ዓመት ሰው በበዛበት ከተማ ጤናው ምንም ሳይሻሻል የሞት መጠኑ ዝቅ ይላል፤ ሽማግሌና ሕፃን በበዛበት ገጠር ደግሞ ከፍ ይላል። ሁለቱን ለማነጻጸር በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚነግረን ቆጠራ ነው፣ እስኪደረግ ድረስ በእጃችን ያለው ትንበያ ነው። "በሀዋሳ ከ1,000 ሰው በዓመት ይህን ያህል ይሞታል" የሚል ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የነዋሪው ቁጥር ከየት መጣ? ለዕድሜስ ተስተካክሏል?